መጠለያ እያለ ለምን በረንዳ ያድራሉ?

ጅማ ውስጥ ስለ ጎዳና ተዳዳሪዎች ወሬ ሲነሳ አንድ ጥያቄ አይቀርም። «አዲስ አበባ ስንት ማዕከል ተከፍቶ የለም እንዴ? ለምን እዚያ አይገቡም?» ይባላል። ይህን የሚጠይቁት ክፉ ሰዎች አይደሉም። ብዙዎቹ በረመዳን የሚያስፈጥሩ፣ ለገናና ለፋሲካ ከማዕዳቸው የሚያካፍሉ፣ የልጆቻቸውን ልብስ አጥበው የሚሰጡ ናቸው። ስለዚህ ጥያቄያቸውን አክብሬ በዝርዝር ልመልስ።

የመጠለያ አሠራር በብዛት የሚበላሸው መግቢያውና መውጫው ላይ ነው። ለመግባት የሚጠየቀው ወረቀት ጎዳና ላይ ያለ ሰው እጅ ላይ የለም። ቢገባም የሚወጣበት ቀን ይመጣል፤ ያን ቀን ወዴት እንደሄደ የሚጠይቅ አይገኝም። ለቤት አልባ ሰዎች መሟገት የምለው ሥራ ከእነዚህ ሁለት ቦታዎች ይጀምራል።

ከወረቀቱ ልነሳ።

እንበል አንድ ወጣት ከዳውሮ ተነስቶ ጅማ መጣ። ጊዜው ጥቅምት ነው፣ ቡና የሚለቀምበት ወቅት። የቀን ሥራ አይጠፋም። ወቅቱ ሲያልፍ እዚያው ጅማ፣ መርካቶ ገበያ ሸክም ጀመረ። ማታ ማታ እየከፈለ ብዙ ሰው በሚተኛበት ክፍል ያድራል። ከዚያ ታመመ። ለጥቂት ቀናት መሥራት አልቻለም፤ የማደሪያ ብር አጣ፤ በረንዳ ወጣ።

አሁን ይህ ልጅ እርዳታ ፍለጋ ቀበሌ ሄደ እንበል። የመጀመሪያው ጥያቄ «የዚህ ቀበሌ ነዋሪ ነህ ወይ?» የሚል ነው። ነዋሪ ለመባል መታወቂያ ይፈለጋል። መታወቂያ ለማውጣት ከመጣበት ቀበሌ መሸኛ ይፈለጋል። የመጣበት ቀበሌ ያለው በሌላ ክልል፣ በደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ነው። መሸኛውን ለማምጣት መሳፈሪያ ያስፈልገዋል፤ መሳፈሪያ ቢኖረውማ ኖሮ በረንዳ አይወጣም ነበር። ገና በልጅነቱ ከወጣ ደግሞ እዚያም በስሙ የተመዘገበ ነገር ላይኖር ይችላል። ይህ ሁሉ ተሟልቶ መሸኛው ቢመጣ እንኳ «የቤት ቁጥር?» ይባላል። በረንዳ የቤት ቁጥር የለውም።

የቀበሌው ሠራተኛ ክፉ መሆን አያስፈልገውም። መመሪያውን ተከትሎ ብቻ ይህን ልጅ ከሁሉም ነገር ውጪ ሊያደርገው ይችላል። ምክንያቱም ሌላው ድጋፍ ሁሉ የተሠራው በቤተሰብና በመኖሪያ አድራሻ ላይ ነው። የማኅበረሰብ ጤና መድን የሚመዘገበው በአባወራና በእማወራ ነው። መክፈል ለማይችሉ መንግሥት ይከፍልላቸዋል፤ ግን «የድሃ ድሃ» ተብሎ ለመመረጥም መጀመሪያ የቀበሌው ነዋሪ መሆን አለብህ። የከተማ ሴፍቲኔት ተጠቃሚም የሚለየው በሚኖርበት ሰፈር ነው። ከድሆች ሁሉ የባሰው ድሃ ከድሆች ዝርዝር ውስጥ የለም ማለት ነው። ለእኔ ከጉዳዩ ሁሉ የሚያንገበግበኝ ይሄ ነው።

ቁጥራቸውስ ስንት ነው? የመጨረሻው አገር አቀፍ የሕዝብ ቆጠራ የተካሄደው በ1999 ዓ.ም. ነው። ያኔ ጅማ 120,960 ሰው ተቆጠረባት። ከዚያ ወዲህ ከተማዋ በየአቅጣጫው ሰፍታለች፤ ሌላ ቆጠራ ግን የለም። በረንዳ የሚያድር ሰው ደግሞ ቆጠራ በነበረ ጊዜም ለመቆጠር አስቸጋሪ ነው፤ ዛሬ አጂፕ አካባቢ ያየኸው ነገ ፍራንኮ ነው። ለማይታወቅ ቁጥር በጀት የሚመድብ ቢሮ ከየት ይመጣል?

በወረቀቱ በኩል አንድ ቀዳዳ አለ። ፋይዳ፣ ማለትም ዲጂታል መታወቂያው፣ በአዋጅ ቁጥር 1284/2015 ሕጋዊ መሠረት አግኝቷል። ሰነድ የሌለው ሰው ፋይዳ ያለው ምስክር ይዞ ቀርቦ መመዝገብ የሚችልበት መንገድ አለው። ምዝገባው ነፃ ነው። ፋይዳ የቀበሌ ነዋሪ አያደርግም፤ ያን ማምታታት አይገባም። ግን «አንተ ማን ነህ?» ለሚለው ጥያቄ መልስ ይሆናል። ምስክር ሆኖ አብሮ መሄድ ደግሞ ብር አያስወጣም። አንድ ጠዋት ነው የሚወስደው።

ወደ ትልቁ ከተማ ልሂድ። አዲስ አበባ ከጎዳና የሚነሳ ሰው ከሦስት ነገሮች አንዱ ያጋጥመዋል። አንዳንዱን የበጎ አድራጎት ማዕከል ያነሳዋል። በቢኒያም በለጠ የተመሠረተው መቄዶንያ ለአረጋውያንና ለአእምሮ ሕሙማን የሠራውን ኢትዮጵያዊ ሁሉ ያውቃል፤ ማድነቅ ሲያንስ ነው። ግን የትኛውም ማዕከል ሁሉንም መያዝ አይችልም። አንዳንዱ ደግሞ አፈሳ ይገጥመዋል። ትልቅ ስብሰባ ወይም በዓል ሲቃረብ ሌሊት መኪና ይመጣል፣ የተገኘው ይጫናል። ብርድ ልብሱ፣ መድኃኒቱ፣ ካለችውም መታወቂያው እዚያው በረንዳው ላይ ይቀራሉ። ሲለቀቅ ከበፊቱ የባሰ ባዶ እጁን ነው። ሦስተኛው «ወደ ቤተሰብ መቀላቀል» የሚባለው ነው። ጊዜያዊ ማቆያ ይገባል፣ የትውልድ ቦታው ይጠየቃል፣ መሳፈሪያ ተሰጥቶት ወደ አገሩ ይሸኛል።

ጅማ ላይ የሚታየው የዚህ የሦስተኛው ውጤት ነው። ከአዲስ አበባ እስከ እኛ ወደ 350 ኪሎ ሜትር ነው። አውቶቡሱ መናኸሪያ ይደርሳል። ተሸኝቶ የመጣው ልጅ ይወርዳል። የሚቀበለው የለም። ቤተሰቡ ዴዶ ወይም ሊሙ ወይም ከዚያም ወዲያ ሊሆን ይችላል። ከቤት ያስወጣው ነገር አልተለወጠም። መሬቱ ለወንድማማቾች አልበቃም ነበር፣ አሁንም አይበቃም። የእንጀራ አባት ይደበድበው ነበር፣ አሁንም እዚያው ቤት ነው። ባዶ እጅ መመለስ ደግሞ በራሱ የሚያሳፍር ነገር ነው፤ ከተማ ሄዶ የቆየ ሰው ምን ይዞ መጣ ተብሎ ይታያል። ስለዚህ ብዙዎቹ መንደር አይደርሱም። መናኸሪያው አጠገብ ይቀራሉ፤ ወይም ትንሽ ቆይተው ወደ አዲስ አበባ ይመለሳሉ። በላኪው መዝገብ ላይ ግን ያ ልጅ «ከቤተሰቡ ተቀላቅሏል» ተብሎ ሊቀመጥ ይችላል። ሥራው አውቶቡሱ በተነሳበት ቀን አልቋል።

መቀላቀሉን አልቃወምም። ለሕፃን ልጅ ቤተሰብ ከማንኛውም ማዕከል ይሻላል፣ ቤቱ ደኅና ከሆነ። የምቃወመው መጨረሻውን ሳያዩ እንደተሳካ መቁጠርን ነው።

ይህ የእኛ አገር ድህነት ያመጣው ብቻ እንዳይመስል፣ ሀብታም ከተማ እንውሰድ። ኒው ዮርክ። በ1979 እ.ኤ.አ. ሮበርት ሄይስ የተባለ ወጣት ጠበቃ፣ ባወሪ በሚባል ሰፈር ጎዳና ላይ በሚያድሩ ወንዶች ስም ከተማውንና ግዛቱን ከሰሰ። ከከሳሾቹ አንዱ ሮበርት ካላሃን ይባል ነበር። የክሱ መሠረት በ1938 እ.ኤ.አ. የኒው ዮርክ ግዛት ሕገ መንግሥት ውስጥ የገባ አንቀጽ ነው፤ ችግረኞችን መርዳትና መንከባከብ የሕዝብ ጉዳይ ነው፣ በመንግሥት ይፈጸማል ይላል። ፍርድ ቤቱ በዚያው ዓመት ለሰዎቹ መጠለያ እንዲሰጥ አዘዘ። በ1981 እ.ኤ.አ. ተከራካሪዎቹ ስምምነት ፈረሙ፤ ስምምነቱም እንደ ፍርድ የሚያስገድድ ሆነ። ካላሃን ግን ያን ቀን አላየም። ከፊርማው በፊት እዚያው ጎዳና ላይ ሞቶ ተገኘ።

ስምምነቱ ውስጥ ያለው ዝርዝር በጣም ያስተምራል። የአልጋው ስፋት ከ30 ኢንች፣ ማለትም ከ76 ሳንቲ ሜትር ገደማ፣ እንዳያንስ ይላል። ንጹሕ አንሶላ፣ ትራስ፣ የሚቆለፍ የዕቃ ማስቀመጫ፣ ለስንት ሰው ስንት መጸዳጃና ስንት ሻወር እንደሚያስፈልግ ሁሉ ተጽፏል። እንዲህ የተብራራው ጠበቆቹ አንድ ነገር ስለገባቸው ነው። «ተገቢ መጠለያ ይሰጣል» ብለህ ብቻ ከተውከው፣ ሰው ወለል ላይ ተደርድሮም «መጠለያ ሰጥተናል» ይባላል። በሳንቲ ሜትር ከተጻፈ ግን ሜትር ይዘህ ገብተህ ትለካለህ። ኮአሊሽን ፎር ዘ ሆምለስ የተባለው ድርጅትም መጠለያዎቹን እየዞረ የመቆጣጠር ሥልጣን በፍርድ ቤት ተሰጥቶታል።

እንዲያም ሆኖ ሥርዓቱ ሰዎችን ይጥላል። በ2023 እ.ኤ.አ. በኒው ዮርክ መጠለያዎች የሚያድረው ሰው ከ100,000 አልፎ ነበር። ልጆች ያሉት ቤተሰብ መጠለያ ሲጠይቅ፣ ያለፉትን 2 ዓመታት የት የት እንደኖረ ማስረዳት ይጠበቅበታል። መርማሪዎች እናቲቱን «አክስትሽ ጋ መመለስ ትችያለሽ» ብለው ሊመልሷት ይችላሉ። አክስቷ ያባረረቻት ቢሆንም። መሸኛና የቤት ቁጥር የሚጠይቀውን የእኛን ቀበሌ አላስታወሳችሁም? ውቅያኖስ ማዶ፣ በቢሊዮን ዶላር በጀት፣ ያው በር ነው።

አሁን ወደ መጀመሪያው ጥያቄ ልመለስ። አልጋ እየተሰጣቸው እንቢ የሚሉስ? አሉ። ግን ምክንያታቸውን ጠይቋቸው። እዚያ ዕቃ ይሰረቃል። ጉልበተኛ ይደበድባል። ሴት ከሆነች የምትፈራው ሌላ ነገር አለ፤ በረንዳ ላይ ከሚጠብቋት ጓደኞቿ ተነጥላ ከማታውቃቸው ሰዎች ጋር ከመዘጋት በረንዳውን ትመርጣለች። ባልና ሚስት ይለያያሉ። መግቢያ ሰዓቱ የሌሊት ዕቃ ከሚያወርድ ተሸካሚ ሥራ ጋር አይገጥምም፤ አልጋውን ልያዝ ካለ የነገ ምሳውን ያጣል። አንዴ ታፍሶ ግቢ ውስጥ የተቆለፈበት ሰው ደግሞ «መጠለያ» የሚለውን ስም ሲሰማ ይሮጣል። እነዚህ ሁሉ አእምሮ ያለው ሰው የሚያመዛዝናቸው ነገሮች ናቸው።

የታመሙም አሉ፤ ይህን መሸሸግ አይጠቅማቸውም። በ2014 እ.ኤ.አ. የታተመ፣ አዲስ አበባ ጎዳና ላይ በሚኖሩ ሰዎች ዙሪያ የተሠራ ጥናት ነበር። ከተመረመሩት ውስጥ ብዙዎቹ የአእምሮ ሕመም ወይም ከአልኮል ጋር የተያያዘ ችግር ነበረባቸው። ከባዱ የአእምሮ ሕመም ካለባቸው መካከል ሕክምና አግኝተው የሚያውቁት ከ10 አንድ ያህሉ ብቻ ናቸው። ጅማ በዚህ በኩል የታደለች ናት። የዩኒቨርሲቲው ሕክምና ማዕከል የአእምሮ ሕክምና ክፍል አለው፤ በሙያው ሰዎችንም ያሠለጥናል። ግን ሐኪሙ መድኃኒት ቢያዝስ? የት ይቀመጣል? ዝናብ ሲመጣ ይረጥባል፣ ሲተኛ ይወሰድበታል። ቀጠሮውን ማን ያስታውሰዋል? ማስቲሽ የሚስቡትን ልጆች በቁጣ የሚያይ ሰው ብዙ ነው። ቆጪ ሜዳ ላይ በነሐሴ ዝናብ፣ በባዶ ሆድ ለሚያድር ልጅ ማስቲሹ ረሃቡንና ብርዱን የሚያስረሳው ነገር ነው። የሚደርቅና የሚሞቅ ቦታ ሳይሰጡት «ተው» ማለት ብዙ አያራምድም።

ሕጉስ ምን ይላል? የኢትዮጵያ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 41 ንዑስ አንቀጽ 5፣ መንግሥት አቅም በፈቀደ መጠን የአካልና የአእምሮ ጉዳተኞችን፣ አረጋውያንን፣ ያለ ወላጅና ያለ አሳዳጊ የቀሩ ልጆችን ለማቋቋምና ለመርዳት እንክብካቤ ያደርጋል ይላል። አንቀጽ 90 ደግሞ ምግብና መኖሪያ ቤትን ከማኅበራዊ ዓላማዎች ውስጥ ያስገባል። «አቅም በፈቀደ መጠን» የምትለዋ ሐረግ ሰፊ በር ናት፤ ብዙ ነገር በእሷ ይሾልካል። ቢሆንም አቅም እንዳልፈቀደ ማስረዳት ያለበት ቢሮው ነው። ጠያቂው አይደለም። «ለዚህ ዓመት ምን ያህል ተመደበ? በምን ላይ ዋለ?» ብሎ መጠየቅ ይቻላል።

አፈሳን በተመለከተ አንቀጽ 17 ማንም ከሕግ ውጪ ነፃነቱን እንደማያጣ ይደነግጋል። የተያዘ ሰው በ48 ሰዓት ውስጥ ፍርድ ቤት መቅረብ እንዳለበት አንቀጽ 19 ላይ ተጽፏል። ብዙ ጊዜ የሚጠቀሰው የአደገኛ ቦዘኔነት መቆጣጠሪያ አዋጅ ቁጥር 384/1996 ነው። ያም ቢሆን ሥራ አጥነትን ብቻውን ወንጀል አላደረገም። ሰውየው ጉልበት እያለው መተዳደሪያ የሌለው መሆኑ ላይ፣ አዋጁ ከዘረዘራቸው ድርጊቶች አንዱ መታከል አለበት። በረንዳ ላይ የተኛ ሰው ተኝቷል። ሌላ ምን አደረገ?

ብዙ ሰው «ጥብቅና የድርጅት ሥራ ነው» ይላል። ድርጅቶቹም ለዓመታት እጃቸው ታስሮ ነበር። በአዋጅ ቁጥር 621/2001 መሠረት ከገቢው ከ10 በመቶ በላይ ከውጭ የሚያገኝ ድርጅት በሰብዓዊ መብት ሥራ መሰማራት አይችልም ነበር። ብርድ ልብስ ማደል ይችላል፤ «ለምን መጠለያ የለም?» ብሎ መሟገት አይችልም። ያ ሕግ በ2011 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 1113 ተሽሯል። ልማዱ ግን ወዲያው አይሻርም። አሁንም ምሳ የሚያበላ ቡድን በየሰፈሩ ሲገኝ፣ ማመልከቻ ይዞ የሚከተል ቡድን ብርቅ ነው።

እንግዲህ ጅማ ላይ ከዕድር ጓደኞቹ ጋር፣ ወይም ከጀማዓው ወይም ከሰንበቴ ማኅበሩ ጋር ይህን ሥራ መጀመር የሚፈልግ ሰው ምን ያደርጋል?

መጀመሪያ ይጠይቅ። «ምን ትፈልጋለህ?» አንዱ አገሩ መመለስ ይፈልጋል። ሌላዋ የልጇ ክትባት ካርድ ነው የጠፋባት። ሌላው የሚፈልገው ዕቃውን የሚያስቀምጥበት ቦታ ብቻ ነው። ሳይጠይቁ ማዕከል ፈልጎ ማስገባት፣ በደግነት የተሠራ አፈሳ ነው። ፎቶ አንስቶ ማኅበራዊ ሚዲያ ላይ መለጠፍም ይቅር። ነገ ሥራ ሲያገኝ ያ ፎቶ ይከተለዋል።

ከዚያ አብሮ ይሂድ። ብቻውን የሄደውን ሰው ጥበቃው ከበር ሊመልሰው ይችላል። አብሮት ጋቢ የለበሱ አንድ አዛውንት ወይም የሰፈሩ ኢማም ካሉ ወንበር ይቀርብለታል። ይህ መሆን አልነበረበትም፤ ግን ነው። እስኪስተካከል ድረስ እንጠቀምበት።

ዋናው ግን ጽሑፍ ነው። በየቢሮው የሚሰጠው መልስ በአብዛኛው የቃል ነው። «ነገ ና»፣ «ኃላፊው ስብሰባ ናቸው»፣ «እኛን አይመለከትም»። የቃል መልስ ይግባኝ አይባልበትም። ስለዚህ ማመልከቻ ይጻፍ። የከተማው የሥራ ቋንቋ አፋን ኦሮሞ ስለሆነ በአፋን ኦሮሞ ይሁን፤ ከዳውሮ ወይም ከየም የመጣ ሰው ይህን ብቻውን ሊወጣው አይችልም፣ የሚጽፍለት ያስፈልገዋል። አንድ ገጽ ይበቃል። ማን እንደሆነ፣ ምን እንደጠየቀ፣ መቼ የት ሄዶ ምን እንደተባለ። በሁለት ኮፒ ተዘጋጅቶ መዝገብ ቤት ይግባ። አንዱ ላይ የገቢ ቁጥርና ቀን ተጽፎበት፣ ማኅተም ተደርጎበት ይመለስ። ያቺ ወረቀት በጥንቃቄ ትቀመጥ፤ ባለጉዳዩ ጋ ሳይሆን ቤት ያለው ሰው ጋ።

አንድ ማመልከቻ ይረሳል። አሥር ተመሳሳይ ማመልከቻዎች ግን ስለ አሠራሩ ይናገራሉ። አሥሩም «መሸኛ ስለሌለህ» ተብለው ከተመለሱ፣ ችግሩ የአሥር ሰው ስንፍና እንዳልሆነ ማንም ያየዋል። ያኔ ወደ ላይ መውሰድ ይቻላል። የኢትዮጵያ ሰብዓዊ መብቶች ኮሚሽን ጅማ ላይ ጽሕፈት ቤት አለው። የጅማ ዩኒቨርሲቲ የሕግ ትምህርት ቤት አቅም ለሌላቸው ነፃ የሕግ ድጋፍ የሚሰጥባቸው ማዕከላት አሉት። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 37ም ፍትሕ የመጠየቅን መብት ለማኅበራትና ተመሳሳይ ጥቅም ያላቸውን ሰዎች ለሚወክል ሰው ጭምር ሰጥቷል። ባወሪ ላይ የሆነው ነገር በመሠረቱ ይኸው ነበር፤ የጥቂት ሰዎች ጉዳይ በአንድ ፋይል ተሰብስቦ ፍርድ ቤት ገባ።

«ጅማ መጠለያ ከተከፈተ ከየገጠሩ ይጎርፋሉ» የሚል ስጋት እሰማለሁ። ሰው ወደ ጅማ የሚመጣው ለቡናው፣ ለጫቱ፣ ለግንባታው፣ ለገበያው ነው። ድሮም ይመጣ ነበር፣ ወደፊትም ይመጣል። መጠለያ ኖረም አልኖረም ዝናቡ ከመጋቢት ጀምሮ ይወርዳል። ልዩነቱ የመጣው ሰው በዝናቡ ውስጥ መሆን አለመሆኑ ነው።

የምንጠይቀውም ብዙ አይደለም። በክረምት ወራት መታወቂያ የማይጠየቅበት፣ ሴቶችና ወንዶች ለየብቻ የሚያድሩበት፣ የሚቆለፍ ሣጥን ያለው ማደሪያ። መናኸሪያ ውስጥ ከአዲስ አበባ ተሸኝቶ የሚመጣውን የሚቀበል አንድ የማኅበራዊ ጉዳይ ባለሙያ። ከላኪው ማዕከል ስሙን፣ የሚሄድበትን ቀበሌና የሕክምና ወረቀቱን የያዘ ደብዳቤ፣ ልጁ ከመነሳቱ በፊት ለጅማ እንዲደርስ። ከሦስት ወር በኋላም ቤተሰቡ ጋ ስልክ ተደውሎ መኖር አለመኖሩ እንዲረጋገጥ። ማመልከቻው ለከተማው ማኅበራዊ ጉዳይ ጽሕፈት ቤት ሲጻፍ፣ ግልባጩ ለላከው ማዕከልም ይሂድ፤ እነሱም የገቢ ቁጥር ይስጡበት።